ለቅሶ ላይ የተነገረ ማዕረግ

«ከወልድያ ነው የመጣሁት፤ በእግሬ» አለ እንግዳው። ወዲያው ግን በእግሩ መምጣቱን መናገሩ ያሳፈረው ይመስል ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

ማንጎው ሥር የተቀመጡት ለቀስተኞች ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት። ግራጫ ኮት ለብሷል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ አቧራ ጠጥቷል፤ የአንድ እግሩ ላስቲክ ጫማ ማሰሪያው ተበጥሶ በሲባጎ ታስሯል። ሙሐመድዘይን ከሰሌኑ ላይ ቀና ብለው አዩትና አላወቁትም። ልጃቸው ኢሕሳን ትናንት ጠዋት ከተቀበረች ወዲህ መርሳ ውስጥ የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ መጥቶ ለቅሶ ደርሷቸዋል። ከወልድያ ግን የመጣ የለም፤ ይመጣል ብለውም አልጠበቁም። ጦርነቱ ሁለቱንም ከተሞች ከዋጠ ወራት ሆኖታል። ስልክ የለም፣ መብራት የለም፤ በአስፋልቱ ላይ ከታጣቂዎች መኪና በቀር የሚሄድ የለም።

«ፈጣሪ ያጽናችሁ» አለ እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ። «ገበየሁ እባላለሁ። ከኢሕሳን ጋር አንድ ዩኒቨርሲቲ ነበር የምንሠራው። ትናንት ማምሻውን ከዚህ የመጣች ነጋዴ ነገረችኝ። ሲነጋ ተነሣሁ።»

ስሙን ሲሰሙ የሙሐመድዘይን ፊት ተለወጠ። ያንን ስም አሳምረው ያውቁታል። ኢሕሳን ከወልድያ ለእሑድ ስትመጣ ግንባሯን ቋጥራ ከሆነ ምክንያቱ ገበየሁ ነበር። ገበየሁ ጥናቴን መለሰብኝ፤ ገበየሁ በጀቴን ቆረጠው፤ ገበየሁ እንደገና ጻፊ አለኝ። እናቷ ከድጃ አንድ ቀን፣ «ይኼ ሰውዬ ልጅ የለውም እንዴ?» ብለው ኢሕሳን ግንባሯን ፈትታ ከት ብላ ስቃ ነበር።

ሙሐመድዘይን «አሚን» ብቻ አሉ።

ንፍሮ ቀረበለት። በደህናው ጊዜ የለቅሶ ንፍሮ ስንዴና ባቄላ ነበረው፤ የዚህኛው ግን ማሽላ ብቻ ነው። ገበየሁ ጥቂት አፈሰና እየቆረጠመ አንገቱን ደፋ። ለቀስተኞቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያቋረጡትን ወሬ ቀጠሉ። ጮክ ብሎ ማልቀስ ያስፈራ ነበር፤ ሰው ተሰብስቦ ሲያዩ ታጣቂዎቹ ምን እንደሚያስቡ አይታወቅም። ከወዲያ ጫፍ አንድ ሽማግሌ ለጎረቤቱ፣ ዶክተር ሆና ሳለ ራሷን ማዳን እንዴት አቃታት እያለ ሲያንሾካሽክ ሙሐመድዘይን ሰሙት። አልተቆጡም። ይህ ጥያቄ ከልጃቸው ጋር አብሮ የኖረ ነው።

ኢሕሳን ትምህርቷን ጨርሳ «ዶክተር» ተብላ የተመለሰች ጊዜ ደጃቸው በሰው ተሞልቶ ነበር። ጉልበቱን የሚያመው ጉልበቱን ገልጦ፣ ጆሮው የሚመግል ልጅ ያላት ልጇን አዝላ መጣች። ኢሕሳን ሁሉንም በየተራ ተቀብላ እሷ የማሽላ ሐኪም እንጂ የሰው ሐኪም እንዳልሆነች ነገረቻቸው። ሰዉ እየሳቀ ተበተነ። ሙሐመድዘይን ግን አልሳቁም። የልጅነታቸውን ዘመን ጨምሮ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማሽላ ዘርተው፣ ማሽላ ኮትኩተው፣ ማሽላ አጭደው የኖሩ ሰው ናቸው። ስለ ማሽላ ለመማር ይህን ሁሉ ዓመት ከቤት መራቅ ከደጅ ምንጭ ውኃ ለመቅዳት ባሕር ተሻግሮ እንደ መምጣት ሆኖ ታያቸው። ሰው ልጅህ ምን ትሠራለች ሲላቸው «መንግሥት ቤት ናት» ብለው ያልፉት ነበር።

ለሞት ያበቃት ሕመም የመጣው ገና ሁለተኛ ደረጃ እያለች ነው። ስኳር ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ መርፌዋን ራሷ እየወጋች ተምራ፣ ራሷን ችላ፣ አስተማሪ ሆናለች። በሽታው አንድም ቀን ከክፍል አስቀርቷት አያውቅም ነበር።

ጦርነቱ ወደ ወልድያ ሲቃረብ ዩኒቨርሲቲው ሠራተኞቹን በመኪና አሸሸ። ኢሕሳን ግን ሁለት ሻንጣ ይዛ መርሳ ወረደች። አባቷ ቶሎ ወደ ደሴ እንድትወጣ ለመኗት። እናቷ አለቀሱባት። እሷ ግን፣ «አባ፣ ማሽላው ገና ማበቡ ነው። አሁን ትቼው ብሄድ የዚህ ዓመት ሥራ ባዶ ይሆናል። ሳምንት ይስጡኝ» አለች። ሳምንቱ ሳያልቅ መንገዱ ተዘጋ።

መብራት ሲጠፋ ሙሐመድዘይን የውኃው እንስራ ሥር ጉድጓድ ቆፍረው የመርፌውን መድኃኒት ሙቀት እንዳያበላሸው በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀበሩላት። ኢሕሳን እየቆጠበች ወጋች። ቀኑ ሲገፋ መድኃኒቱ አነሰ፤ የከተማው መድኃኒት ቤቶች ባዶ ነበሩ። እንዲያም ሆና ዱላ ይዛ በየማሳው መዞሯን አልተወችም። ስትመለስ ከንፈሯ ደርቆ፣ ውኃ ጠጥታ ጠጥታ የማትረካ ሆና ትመለሳለች። በመጨረሻ እግሯ አልታዘዝ አላት። የሞተች ዕለት ጠዋት እንኳ ስለ ወፍ ነበር ያወራችው፤ ወፉ ማሽላውን እንዳይጨርሰው።

ለዚህ ነው ሙሐመድዘይን ማሽላ የሚለውን ቃል ለመስማት ያልፈለጉት። ለማንም አልተናገሩም እንጂ በልባቸው ፈርደዋል፤ ልጃቸውን የገደላት ያ ማሳ ነው። በዚያች ሳምንት ትታው ቢሆን ኖሮ ከጓደኞቿ ጋር አዲስ አበባ ደርሳ ዛሬ በሕይወት ነበረች።

ከሰዓት በኋላ ከውርጌሳ በኩል የሺ መጣች። በሀብሩ ማሳ ያላት፣ ባሏ ከሞተ በኋላ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። አንገቷ ላይ ጥቁር ክር አስራለች። ሴቶቹ ወዳሉበት ቤት ገብታ ከከድጃ ጋር ተላቅሳ ወጣችና፣ ወንዶቹ በተቀመጡበት ማንጎ ሥር ትንሽ ፈንጠር ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ገበየሁ አያትና ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አላት። ይተዋወቃሉ።

«ማሳዬን ዓይታችሁት ቢሆን» አለች የሺ፣ ለማንም ሳይሆን፣ ለሁሉም። «አቀንጭራ ውጦት ነበር።»

አቀንጭራን የማያውቅ እዚያ አልነበረም። ከሥር ሆኖ የማሽላውን ሥር እየጠባ የሚያድግ፣ ሐምራዊ አበባው ከሩቅ ሲያዩት የሚያምር፣ የገባበትን ማሳ ግን ለከብት ገለባ እንኳ የማያስተርፍ አረም ነው። የሺ መሬቷን ለሌላ ሰጥታ ኮምቦልቻ ወርዳ የቀን ሥራ ልትሠራ ቆርጣ እንደነበር ተናገረች። ኢሕሳን የመጣችው ያኔ ነው። በጉልበቷ ተንበርክካ አንዱን ማሽላ ከነሥሩ ነቀለች፤ አቀንጭራው የተጣበቀበትን ቦታ አሳየቻት፤ ከዚያም ይህን መሬት ለሦስት ክረምት ለእኔ አበድሪኝ አለቻት። በየመስመሩ ልዩ ልዩ የማሽላ ዘር ዘራችበት፤ በመጀመሪያው ክረምት ብዙም ለውጥ አልታየም። ጎረቤት ሳቀባቸው። በሁለተኛው አንዳንዱ መስመር ከሌላው ተለይቶ ቆመ። ከቆመው ላይ ዘር ተወሰደ፤ ተዘራ። ለጎረቤትም ተሰጠ።

«ዘንድሮ ከብቱም እህሉም ከየቤቱ ሲወሰድ፣ ገበያ ሲዘጋ፣ የእሷን ዘር የዘራን ሰዎች ማሳችን ላይ ቆሞ የሚጠብቀን ነገር አለን» አለች የሺ። «አሁን እዚህ የምትበሉት ንፍሮ ከማን ማሳ የመጣ ይመስላችኋል? አብዛኛው ከእኔና ከጎረቤቶቼ ነው። ቀድሞ ከደረሰው ቆርጠን ነው ያመጣነው። የምርምሩ መስመር ግን አልተነካም፤ እንዳይነካ ብላናለች።»

ሙሐመድዘይን እጃቸው ላይ ያለውን ንፍሮ አዩት። ለረጅም ጊዜ ነበር ያዩት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ገበየሁ አዞሩ።

«ልጄን ስታስቸግራት የኖርከው አንተ ነህ?»

ለቀስተኛው ፊቱን ወደ እንግዳው መለሰ።

«አዎ አባቴ፣ እኔ ነኝ» አለ ገበየሁ። «ሥራዬ እሱ ነበር። የምርምር ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ጠያቂው ብዙ ነው። ሲመጡ ለምን፣ እንዴት፣ የት ብዬ እጠይቃለሁ። ሌላው ሁለት ጊዜ ስጠይቀው ይሰለቸውና ይተወዋል። ኢሕሳን አትተውም። ስትመለስ ጥያቄዬን ብቻ አይደለም መልሳ የምትመጣው፤ እኔ ያልጠየቅሁትንም ጨምራ ነው።»

ከዚያ ስለ አንድ ስብሰባ አወራላቸው። እሱ የምርምር ክፍሉ ኃላፊ ነበር። ኢሕሳን ጥናቷን ስታቀርብ ኮሚቴው የጠየቃት አንድ ነገር ነው፤ ማሳው ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ይሁን። ግቢው አጥር አለው፤ ጥበቃ አለው፤ ውኃ አለው። ገበሬ ማሳ ላይ የሚሠራ ሥራ ከብት ይገባበታል፣ ሰው ይነካዋል፣ ውጤቱ አይታመንም። ለገንዘቡ ተጠያቂ የሚሆኑት እነሱ ስለሆኑ ሥጋታቸው ያለ ነገር አልነበረም። ሁሉም እየተነሣ ተናገረ። ኢሕሳን ማስታወሻ እየያዘች ሰማቻቸው። ተራዋ ሲደርስ ብዙም አላወራችም።

«ምን አለች?» አሉ ሙሐመድዘይን።

«ግቢያችን ውስጥ አቀንጭራ የለም አለች። ላልታመመ ሰው መድኃኒት ሰጥቼ ዳነ ብዬ ልጻፍላችሁ? አለችን።» ገበየሁ ፈገግ ሊል ሞከረ። «ከዚያ በኋላ ገንዘቡን ቀንሰን ፈቀድን፤ አንዱ ማሳ ግቢ፣ ሌላው ገበሬው ዘንድ እንዲሆን። የቀነስነውን ከደሞዟ ሞላችው። እኔ ይህን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።»

ሙሐመድዘይን ይህንንም አያውቁም ነበር። ለምን አዲስ ልብስ አትገዢም እያሉ ሲቆጧት ትዝ አላቸው።

«አሁን የግቢው ማሳ የለም» አለ ገበየሁ። «በጦርነቱ መሐል ሆኖ አልተረፈም። የተረፈው እኛ አይታመንም ያልነው ነው።»

ይህን ብሎ ተነሣ። ቆሞ ኮቱን ቆለፈ። የመሃሉ ቁልፍ አልነበረም፤ የቀሩትን ቆለፈ።

«አባቴ፣ የመጣሁት ለለቅሶ ብቻ አይደለም» አለ። «ዩኒቨርሲቲው ወልድያ ላይ የለም። ሰዉ ተበትኗል። እኔ እናቴ አልጋ ላይ ስለሆኑ ቀረሁ። ስለዚህ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው እኔ ነኝ። ከፈቀዱልኝ ለዚህ ሕዝብ የምናገረው አንድ ነገር አለ።»

ሙሐመድዘይን ግራ ገባቸው። ከጎናቸው የተቀመጡትን ሼህ አብዱልሐሊምን አዩ። ሼሁ አብሮ አደጋቸው ናቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁላቸው።

«ተናገር» አሉት ሙሐመድዘይን።

ገበየሁ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ግን ከዚያ በፊት ሲናገር ከነበረበት ድምፅ የተለየ ነበር፤ ቀጥ ያለ፣ በትልቅ አዳራሽ ውስጥ የለመደው ድምፅ።

«የዩኒቨርሲቲያችን ሴኔት ከመበተኑ በፊት ባደረገው የመጨረሻ ስብሰባ፣ የዶክተር ኢሕሳን ሙሐመድዘይንን የማስተማር፣ የምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ሥራ መርምሮ፣ የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማዕረግ ሰጥቷታል። በኮሌጃችን ይህን ማዕረግ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ይህንንም በሴኔቱ ስም በወላጆቿና በአገሯ ሰዎች ፊት እገልጻለሁ።»

ሼህ አብዱልሐሊም መሬቱን ተደግፈው ተነሡ። እሳቸውን አይቶ ሌላው ተነሣ፤ ቀስ በቀስ ማንጎው ሥር የተቀመጠው ሁሉ ቆመ። የተቀመጡት ሙሐመድዘይን ብቻ ነበሩ።

«ከዶክተር ይበልጣል?» ሲሉ ጠየቁ።

«ዶክተርነት ተምሮ የሚገኝ ነው» አለ ገበየሁ። «ይኼኛው ሠርቶ የሚገኝ ነው።»

«እሷ ታውቅ ነበር?»

«ራሷ ናት ያመለከተችው። ውሳኔውን ግን አልሰማችም። ደብዳቤው ሳይጻፍ ነው ከተማው የተበተነው።»

ሙሐመድዘይን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያን ጊዜ ከቤቱ በር ላይ እንቅስቃሴ ተሰማ። ከድጃ ከሴቶቹ መሐል ወጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። ሁለት ሴቶች ደግፈዋቸዋል። ከትናንት ጀምሮ ድምፃቸው በልቅሶ ተዘግቷል።

«ከውስጥ ሆኜ በደንብ አልሰማሁትም» አሉ። «ድገመው ልጄ።»

ገበየሁ ወደ እሳቸው ዞረ። አንዲት ቃል ሳይቀንስ፣ አንዲት ቃል ሳይጨምር ደገመው። ከድጃ እስከ መጨረሻው ሰምተው ከደገፏቸው ሴቶች እጅ ወጡና ብቻቸውን ቆሙ።

«በል ቁጭ በል፤ እግርህ ቆስሏል» አሉት። ለሴቶቹም ለእንግዳው የሚታጠብበት ውኃ እንዲያሞቁ ነግረው ገቡ።

ከዚያ በኋላ የለቅሶው ወሬ ተለወጠ። ያ ቀደም ሲል ያንሾካሾከው ሽማግሌ ራሱ፣ ኢሕሳን በልጅነቷ ከመስጊድ ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ማሳ ስትሮጥ ያያት እንደነበር ለጎረቤቱ ይተርክ ጀመር። አዲስ ለቀስተኛ በመጣ ቁጥር አንዱ ተቀብሎ ማዕረጉን ይነግረዋል። አንዳንዱ ቃሉን አሳስቶ ይጠራዋል፤ የሚያርመው አይጠፋም። ሙሐመድዘይን ሁሉንም ይሰሙ ነበር። ሐዘናቸው አልቀነሰም፤ ግን ትከሻቸው ቀና ብሎ ነበር፤ እሳቸው ራሳቸው አላስተዋሉትም።

ለመግሪብ ሰላት ከመነሣታቸው በፊት የሺ ለገበየሁ አንድ ነገር ስትነግረው አዩ። ፊቱ ላይ ጭንቀት ታየ። ምን እንደሆነ ጠየቁት።

የምርምሩ ማሳ ደርሷል አላቸው። ወፍ ገብቶበታል፤ የታጣቂዎች የጭነት በቅሎዎችም ከአጠገቡ ያድራሉ። ነገ ከነገ ወዲያ ካልታጨደ አንዱም አይተርፍም። ይታጨድ ቢባል ደግሞ እንደ ሌላ ማሳ አይታጨድም፤ እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ተቆርጦ፣ ለብቻው ከረጢት ገብቶ፣ የመስመሩ ምልክት አብሮት መታሰር አለበት። ከተቀላቀለ የትኛው ዘር አቀንጭራን እንደቻለ አይለይም፤ የሦስቱ ክረምት ልፋት ከንቱ ይሆናል። ለዚህ ብዙ እጅ ያስፈልጋል፤ እሱና የሺ ብቻቸውን አይወጡትም።

ሙሐመድዘይን ፊታቸው ጠቆረ።

«ያ ማሽላ ልጄን በልቶብኛል» አሉ። «የቀረውን ወፍ ይብላው።»

ገበየሁ አንገቱን ደፋ። የሺ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፊቷን አዞረች። መልስ የሰጡት ሼህ አብዱልሐሊም ናቸው።

«ሙሐመድዘይን» አሉ፣ «ነገ ሰደቃዋ ነው። ምን ልናበላላት አስበሃል? በግ የለህ፤ ጤፍ የለህ። ልጅህ ግን ሰው የሚጠቀምበት ዕውቀት ትታ ነው የሄደችው። እሱ እስካለ ድረስ ከሞቷም በኋላ የመልካም ሥራዋ ምንዳ አይቋረጥም፤ ይህን ሁለታችንም ከአንድ ሼህ ዘንድ ተቀምጠን ተምረናል። ወፍ ከበላው ግን የሚቋረጠው ያ ነው።»

ሙሐመድዘይን ለውዱእ የተቀመጠውን ውኃ አንሥተው ሄዱ። ከሰላት ሲመለሱ ማንንም ሳያዩ፣ ቤቱ ውስጥ ስንት ማጭድ እንዳለ ከድጃን ጠየቋቸው።

በማግስቱ ለቅሶው ተነሥቶ ወደ ማሳ ሄደ። ለሰደቃ የመጣው ሰው ሁሉ ማጭድና ከረጢት ይዞ፣ ሼሁ ዱዓ አድርገውለት በውርጌሳ መንገድ ወረደ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ነበር። ኬላው ላይ ታጣቂዎቹ አስቆሟቸው። ይህን ያህል ሰው ወዴት ነው አሉ። ለቅሶ ነው ሲባሉ፣ አንዱ በማጭዶቹ ላይ ዓይኑን ጥሎ ለቅሶ በማጭድ የት አገር ነው ሲል ጠየቀ። ሙሐመድዘይን ወደ ፊት ወጡ።

«የሞተችው ልጄ ናት» አሉት። «የዘራችው ደርሶ ነው። ሳታጭደው ሞተች።»

ታጣቂው ገና ወጣት ነበር። ሽማግሌውን ከእግር እስከ ራስ አያቸው። ከዚያ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረና በእጁ እለፉ አላቸው።

ሙሐመድዘይን የልጃቸውን ማሳ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ስንት ጊዜ ኑና እዩልኝ ብላቸዋለች፤ እሳቸው ግን ማሽላ ነው መቼስ፣ ምን አየዋለሁ እያሉ ቀርተዋል። አሁን ጠርዙ ላይ ቆመው አዩት። መጀመሪያ ያለው መስመር ለማወዳደሪያ የተዘራው የአገሩ ዘር ነው፤ ቁመቱ ከወገብ አልዘለለም፤ የማሽላው ራስ ባዶ ነው፤ ከሥሩ አቀንጭራው ደርቆ ቆሟል። ቀጥሎ ያለው ከዚያ ይሻላል። ቀጥሎ ያለውም ይሻላል። መሐሉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። በዚያው አፈር፣ ከዚያው አቀንጭራ መሐል፣ ማሽላው ከራሳቸው በላይ ቆሟል። ራሱ ከመክበዱ የተነሣ አጎንብሷል። አንዱን በመዳፋቸው ደገፉት። ማሽላ ሲመዝን የኖረ እጅ ነው፤ ወዲያው ገባው።

አሸርጠው ወደ ሥራው ገቡ።

ገበየሁ ከመስመር ወደ መስመር እያነከሰ ይሄዳል፤ ኢሕሳን እንጨቶቹ ላይ ያሰረቻቸውን ምልክቶች እየፈታ ከረጢቶቹ አፍ ላይ ያስራል። አንዱ መስመር ሳያልቅ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው ሲያይ ይቆጣል። ከአጫጆቹ አንዱ፣ ኢሕሳን ይህን ሰው ስትሸከም መኖሯ ይገርማል ሲል ሰዎቹ ሳቁ። ሙሐመድዘይንም ሳቁ። ሲስቁ ደነገጡና ማጨዳቸውን አቆሙ፤ ከዚያ ግን ሼህ አብዱልሐሊም ሲስቁ አይተው ማጨዳቸውን ቀጠሉ።

እረፍት ላይ ሲቀመጡ አንድ ሰው ይህ ዘር ስሙ ምን ይባላል ብሎ ጠየቀ። ገበየሁ ገና ስም የለውም አለ፤ ስም የሚወጣለት በሌላ ቦታም ተዘርቶ፣ አጽዳቂ ኮሚቴ አይቶት፣ ተፈትኖ ሲያልፍ ነው። ዓመታት ይወስዳል፤ ማን ምን ብሎ እንደሚጠራው እሱም አያውቅም።

«እኛማ ከጠራነው ቆየን» አለች የሺ፣ ውኃ እያደለች። «ምን ዘር ነው የዘራሽው ሲሉኝ ኢሕሳንን ነው እላለሁ። እዚህ ዙሪያ ሌላ ስም አናውቅለትም።»

ሙሐመድዘይን የተቀበሉትን ውኃ ሳይጠጡ ያዙት። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ጠጡትና ተነሡ፤ የቀረው መስመር ሳይመሽ ማለቅ አለበት አሉ። ከዚያ በኋላ አጫጆቹን የመሩት እሳቸው ናቸው። ልጅ ሳሉ በጅጌ፣ በደቦው ሥራ ላይ ይሉት እንደነበረው እየተጣሩ፣ የደከመውን እያበረቱ፣ መስመር የሳተውን ራሳቸው እየተቆጡ ጨረሱት።

ፀሐይ ወደ ተራራው ስታዘቀዝቅ ማሳው ባዶ ሆነ። ከረጢቶቹ ታስረው በየአህያው ላይ ተጫኑ፤ የሚያድሩት የሺና ጎረቤቶቿ ቤት ተከፋፍለው ነው። ሰዉ እጁን እያራገፈ መንገዱን ሲጀምር ሙሐመድዘይን ወደ ኋላ ቀሩ። በሁለት መስመሮች መካከል፣ ገለባው ሥር፣ አንድ የማሽላ ራስ ወድቆ አገኙ። ጎንበስ ብለው አነሡት፤ አፈሩን እፍ አሉት። ሙሉ ራስ ነው፤ አንድ ፍሬ አልጎደለውም። ይዘውት ገበየሁ ዘንድ ሄዱ።

«ይሄስ ከየትኛው ይግባ?»

ገበየሁ የማሽላውን ራስ በእጁ አገላብጦ አየው፤ የወደቀበትንም ቦታ አየ። ከግራው መስመር ይሁን ከቀኙ አይታወቅም።

«መስመሩ ካልታወቀ የትኛውም ውስጥ አይገባም አባቴ» አለ በቀስታ። «ኢሕሳንም ብትሆን አታስገባውም ነበር።»

«አታስገባውም» አሉ ሙሐመድዘይን።

የማሽላውን ራስ መልሰው ተቀበሉት። ጋቢያቸውን ከደረታቸው ላይ ገለጥ አድርገው ከውስጥ በኩል አስቀመጡት፤ ጋቢውን መልሰው ደረቡበት፤ በላዩም ክንዳቸውን አጥፈው፣ ፍሬው እንዳይረግፍ ቀስ እያሉ ወደ መርሳ መንገድ ገቡ።